ለነጭ ሣር የተያዘ ወንበር

ኤሌኒ ሰዎችን ወደ ፓርክ የምትልክ፣ ራሷ ግን አንድም ፓርክ ረግጣ የማታውቅ ልጅ ናት። ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በምትገኝ ጠባብ የአስጎብኚ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ፣ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ከታች እየተሰማት፣ ቀይ ቀበሮ ጠዋት መቼ ከጉድጓዱ እንደሚወጣ፣ ጉማሬ ከሐይቁ መቼ ብቅ እንደሚል፣ የትኛው መንገድ ምን ዓይነት መኪና እንደሚፈልግ ለደንበኞቿ ታስረዳለች። ሲመለሱ ፎቶ ይልኩላታል። እሷም «እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ» ብላ ትመልስና ወደ ሌላ ሰው ጉዞ ትሻገራለች።

በጥር ወር መጨረሻ አንድ ጠዋት የቢሮዋ በር ተከፍቶ አንድ ወጣት አባቱን በክንዱ ደግፎ ገባ። ኤሌኒ ቀና ስትል ልቧ ከቦታው የተነቀለ መሰላት።

ፊሊጶስ ነበር።

እናቷ ወይዘሮ አማከለች ለቡ መብራት ኃይል ባለው የእነ ፊሊጶስ ቤት ለረጅም ዘመን በሠራተኛነት ኖረዋል። ኤሌኒም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያደገችው ከዚያ ግቢ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። እሷና ፊሊጶስ በዋናው ቤት ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ እናቷ በድንገት ሥራቸውን ለቀቁና ላፍቶ አካባቢ ትንሽ ቁርስ ቤት ከፈቱ። ጠብ አልነበረም፤ ተሳስመው፣ ተመራርቀው ነው የተለያዩት። ነገር ግን የሠራተኛ ልጅና የባለቤት ልጅ ከተለያዩ በኋላ ዳግም የሚገናኙበት ምክንያት አልተገኘላቸውም።

ፊሊጶስም አወቃት። ቀድመው ስሟን የጠሩት ግን ፊቷን ያላዩት አባቱ ነበሩ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» ስትል ሰምተው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ አቶ መዝገቡ። «የአማከለች ልጅ አይደለሽም? ኤሊ!»

«ነኝ፣ ጋሼ» አለች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም እንባዋ መጣ።

አቶ መዝገቡ የግላኮማ ሕመምተኛ ናቸው። ዛሬ ትልቅ የጎማ አስመጪ ይሁኑ እንጂ በጎልማሳነታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። «በአርባ ምንጭ በኩል ስንቴ እንዳለፍኩ አልቆጥረውም» አሏት። «ከሐይቆቹ ማዶ ያንን ሜዳ፣ ያንን ጫካ ከሩቅ አያለሁ። አንድ ቀን መኪናዬን አቁሜ ገብቼ አያለሁ እላለሁ። አልቆምኩም። ጭነት ይቸኩላል። አሁን ደግሞ ዓይኔ ቸኮለ።»

«ምን ያህል ይታይዎታል?»

«ቀኙ ጨርሶ ሄዷል። ግራው በሸምበቆ ውስጥ እንደማየት ነው። መሐሉ ጥርት ያለ፤ ዙሪያው የለም። እሱም እየጠበበ እንደሚሄድ ሐኪሙ ነግሮኛል። ዝሆን ባይ ደስ ይለኛል፤ ትልቅ ስለሆነ አያመልጠኝም።»

ኤሌኒ ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አንስታ እንደ ቱቦ ጠቀለለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው በቱቦው ውስጥ ተመለከተች። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዝሆን ፎቶ አየች፤ ከግራጫ ቆዳ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። በመስኮቱ አሻግራ ከታች ያለውን መንገድ ስታይ ግን ሰዎቹ ከነሙሉ አካላቸው፣ ታክሲዎቹ ከነሰልፋቸው በዚያች ክብ ውስጥ ገቡላት። ፊቷን ስትመልስ ቱቦው ሳታስበው ፊሊጶስ ላይ አረፈ። ሌላው ዓለም ሁሉ ጠፍቶ የቀረው የእሱ ፊት ብቻ ነበር። ትኩር ብሎ ያያታል። ወረቀቱን ቶሎ አወረደችው።

«ዝሆን ይቅርብዎት፣ ጋሼ» አለች ድምፅዋን እንደምንም አስተካክላ። «ቅርብ ከሆነ ግድግዳ ይሆንብዎታል፤ ጫካ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፈልገው አያገኙትም። ለእርስዎ ሰፊ ሜዳ ነው የሚሻለው። እንስሳቱ ራቅ ብለው በመንጋ የሚሄዱበት። ያው ከሐይቆቹ ማዶ የተመኙት ሜዳ፣ ነጭ ሣር ፓርክ ነው! የሜዳ አህዮቹ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ይሰማራሉ። ግን መሄድ ያለብዎት የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ነው። ከዘነበ ወደ ሜዳው የሚያስገባው መንገድ አይታለፍም።»

አቶ መዝገቡ ፈገግ አሉ። «ይኸው፣ ሁሉም ሐኪም የጠፋብኝን ነው የሚነግረኝ። አንቺ የቀረኝን ጠየቅሽኝ።»

ሲወጡ ፊሊጶስ ከበሩ ዞር ብሎ አያት። ኤሌኒ ያን ቀን የምሳ ሰዓት ማለፉን እንኳ ሳታውቅ ከሰዓት በኋላ ሆነ።

ጉዞ ማቀድ ሰበብ አያልቅበትም። ፊሊጶስ ባርኔጣ ያስፈልግ እንደሆነ ለመጠየቅ መጣ። ስለ ጫማ ለመጠየቅ መጣ። ሾፌሩን በዓይኑ ካላየሁ ብሎ መጣ። አንድ ቀን ደግሞ ከሥራው መሐል ደውሎ፣ «አዞ ምን ይበላል?» አላት።

«የማያስፈልግ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው» ብላ ዘጋችበት፤ ስልኳን እንደያዘች ብቻዋን ስትስቅ ዋለች።

ከሥራ ስትወጣ ከታች ካለው ጭማቂ ቤት ይጠብቃት ጀመር። የአቮካዶ ስፕሪስ አዝዘው የነጭ ሣርን ካርታ ይዘረጋሉ፤ ካርታው ላይ ግን ብዙም አያዩም። ድሮ ደረጃው ላይ ስለተካፈሉት ብስኩት፣ እሱ ይሸሸው ስለነበረው የሂሳብ ትምህርት፣ እሷ እናቷን ረድታ ስለጨረሰችው የማታ ዲግሪ ያወራሉ።

አንድ አመሻሽ ላይ ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ለቡ በእግራቸው ሲሄዱ ፊሊጶስ ቆም አለ።

«ኤሌኒ፣ ከእንግዲህ ስለ አዞ ልጠይቅሽ አልችልም። ጥያቄ አልቆብኛል።»

«እሰይ! አረፍኩ።»

«አንድ ብቻ ነው የቀረኝ። እሱን ደግሞ ለመጠየቅ እየፈራሁ ነው።»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። መኪኖቹ መብራታቸውን እያበሩ በአጠገባቸው ያልፋሉ።

«እወድሻለሁ» አላት። «ድሮም እወድሽ ነበር መሰለኝ፤ ስሙን አላውቀውም ነበር እንጂ። አንቺስ?»

«እኔ ስሙን ድሮም አውቀው ነበር» አለች ኤሌኒ በለሆሳስ።

እጇን ያዘው። ጥቂት እንደሄዱ ግን ስለ እናቱ ያስጨነቃትን ጠየቀችው። «እትዬ ያውቃሉ?»

ፊሊጶስ ወደ መሬት አየ። «አባዬን ነጭ ሣር እናድርሰውና ስንመለስ እነግራታለሁ። አሁን ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ከተነሣ ጉዞው ይበላሻል። እሱ ደግሞ ሌላ በጋ ላይኖረው ይችላል።»

ምክንያቱ እውነት ነበር። ኤሌኒም «እሺ» አለች። እጇ በእጁ ውስጥ ሞቆ፣ ልቧ ግን አንድ ጥግ ላይ ትንሽ በረዳት።

ጉዞው ሲቃረብ ወይዘሮ ጫልቱ ራሳቸው ወደ ቢሮው መጡ። የፊሊጶስ እናት ደርባባ፣ ቀይ፣ ሲስቁ ሰውነታቸው ሁሉ አብሮ የሚስቅ ሴት ናቸው። ኤሌኒን አቅፈው እየደጋገሙ ሳሟት።

«ኤሊዬ! የኔ ቆንጆ! እንዴት አምሮብሻል! መዝገቡ እኮ ካገኘሽ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ አንቺ ብቻ ሆኗል። ‹ኤሊ እንዲህ አለች፣ ኤሊ እንዲያ አለች።› እኔም እለዋለሁ፣ ምን ይገርማል፣ የእኛው ቤት ልጅ አይደለች?»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«ለፊሊጶስም እህቱ ማለት ነሽ። ለዚህ ነው ለሌላ ሰው የማልናገረውን ለአንቺ የምነግርሽ።» ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዝማሬ የምትባል ልጅ አለች። የወዳጆቻችን ልጅ ናት፤ ፋርማሲስት፣ ጨዋ፣ ጸባየ ሸጋ። ከእኛ ጋር ወደ ጉዞው ጨምሪያት። መኪናው ውስጥም ከፊሊጶስ ጎን አድርጊያት። መንገድ ሰውን ያቀራርባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል። ለእሱ ብቻ እንዳትነግሪው! ሰርፕራይዝ ነው።»

ኤሌኒ እስክሪብቶዋን አነሣች። ወይዘሮ ጫልቱ ንቀዋት ቢሆን ኖሮ መልስ ባላጣች። ተቆጥተው ቢሆን ቀና ብላ በተናገረች። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ» እያሉ ተስፋዋን ለሚቆርጡባት ሴት ግን ምን ይባላል?

«እሺ፣ እትዬ» አለች።

ዝማሬ የሚለውን ስም እስክትጽፍ ድረስ ሰዓታት ወሰደባት። ስትጨርስ ሌላ ጥርጣሬ ገባት። ፊሊጶስ ያውቅ ይሆን? «ስንመለስ» ያለው ለዚህ ይሆን? ስልኳ ላይ ስሙ ሲበራ አየችው፤ እስኪጠፋ ድረስም ዝም ብላ አየችው።

አርብ ዕለት ላፍቶ እናቷ ቁርስ ቤት ስትደርስ ወይዘሮ አማከለች የሻይ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። ኤሌኒ ከጎናቸው ቆማ ፎጣውን አነሣችና እያደራረቀች ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ጭማቂ ቤቱ፣ ስለ ለቡ መንገድ፣ ስለ ዝማሬ።

ወይዘሮ አማከለች ከማጠቡ አላቆሙም። «ስሟን ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

«ደግ አደረግሽ። ሥራሽ ነው። እኔ ከዚያ ቤት በክብር ነው የወጣሁት። አንቺ ደግሞ በልመና ተመልሰሽ አትገቢም።»

«እማ፣ እወደዋለሁ።»

የእናቷ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«አውቃለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ደረጃው ላይ ተቀምጣችሁ ስትሠሩ አንቺ ደብተሩን አታዪም ነበር፤ እሱን ነበር የምታዪው። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣሁ አየሁሽ። በዚያው ሳምንት ሥራ እንደምለቅ ለእትዬ ነገርኳቸው። ቁርስ ቤት ልከፍት ነው አልኩ። ቁርስ ቤቱ ምክንያት ነበር፣ ልጄ። አንቺን ከሚመጣው ለማዳን ነው።»

ኤሌኒ እናቷን ከኋላ አቀፈቻቸው። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ምሥጢር ለሁለት ተሸክመው፣ አንዳቸው ለሌላው ሳይናገሩ መኖራቸው አሳዘናት፤ ደግሞም ብቻዋን አለመሆኗ አጽናናት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጉዞው የመጨረሻ ዝግጅት በእነ ፊሊጶስ ሳሎን ሆነ። ኤሌኒ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የአቶ መዝገቡን ጣት ያዘችና በመንገዱ ላይ መራቻቸው።

«ከዚህ በዓለም ገና አድርገን ቡታጅራ። ከዚያ ሆሳዕና። ወላይታ ሶዶ ላይ እናርፋለን፣ ማለቴ ታርፋላችሁ። አርባ ምንጭ አድራችሁ በነጋታው ጎህ ሲቀድ በሁለቱ ሐይቆች መሐል ባለው በእግዜር ድልድይ ትሻገራላችሁ። የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ አብሯችሁ ይሆናል። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ዳገቱን ስትወጡ ይነቀንቃችኋል። ከዚያ ግን ዛፉ ሁሉ ያልቅና ሜዳው ይከፈታል፣ ጋሼ። በአንድ ጊዜ ነው አሉ የሚከፈተው።»

አቶ መዝገቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «አየሁት» አሉ። «እሺ፣ መኪናው ውስጥ ማን የት ይቀመጣል?»

ኤሌኒ ወረቀቷን አየች። ፊሊጶስ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ስልኳን ያላነሣችበትን ምክንያት ከፊቷ ላይ እየፈለገ ነበር።

«እርስዎ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን። ከኋላ በአንደኛው መስኮት እትዬ። በሌላኛው ፊሊጶስ። በመሐል...» ድምፅዋ ተሰበረ። «በመሐል ዝማሬ።»

«ማን?» አለ ፊሊጶስ።

ወይዘሮ ጫልቱ ሳቁ። «አይ አንቺ ልጅ! ሰርፕራይዝ ነው አላልኩሽም? ይሁን፣ ምንም አይደል። ዝማሬ አብራን ትሄዳለች፣ ፊሊጶስ። ብትተዋወቁ ብዬ ነው።»

ፊሊጶስ እናቱን አልሰማም። የሚያየው ኤሌኒን ነበር። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ሥራዬ ነው።»

ተነሥቶ ወጣ። በሩ ከኋላው ተወርውሮ ተዘጋ። ወይዘሮ ጫልቱ ግራ ተጋብተው ሲቀሩ አቶ መዝገቡ ግን ወደ ኤሌኒ ዞሩ። «ሂጂ፣ ልጄ። ተከተዪው።»

ግቢው ውስጥ ከቡገንቪሊያው አበባ ስር ቆሞ አገኘችው። ፊቱ ቀልቷል።

«እንዲህ በቀላሉ ነው ለሌላ ሰው የምትሰጪኝ?» አላት። «በገዛ እጅሽ ከጎኔ ሰው ታስቀምጫለሽ?»

«አንተን መስጠት የምችለው የእኔ ከሆንክ ነው! የማን እንደሆንክ ለማን ተናገርክ? እኔ የሰው ስም ጻፍኩ፤ አንተ ግን የእኔን ስም ደበቅክ፣ ፊሊጶስ። የቱ ይከፋል?»

ፊሊጶስ አንድ እርምጃ ቀረባት።

«የምታውቅ መስሎኝ ነበር» አለች፤ እንባዋ መውረድ ጀመረ። «‹ስንመለስ› ስትለኝ፣ ከእሷ ጋር ተስማምተህ የምትመለስ መሰለኝ። ስልክህን ያላነሣሁት ለዚህ ነው። ድምፅህን ከሰማሁ አምንሃለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ኤሌኒ፣ ዝማሬ ማን እንደሆነች እንኳ አላውቅም! እኔ የፈራሁት አባዬ ያን ሜዳ ሳያይ እንዳይቀር ነው። እማዬ ከተቆጣች...»

«ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው ጆሮዬ ደህና ነው!» የሚል ድምፅ በተከፈተው የሳሎን መስኮት መጣ። «እኔን ምክንያት አታድርጉኝ! ገብታችሁ እዚሁ ጨርሱት!»

ሁለቱም ደነገጡ። ወዲያው ኤሌኒ በእንባዋ መሐል ሳቅ አመለጣት። ፊሊጶስ እጇን ያዘ። ይህን ጊዜ አልለቀቀውም፤ እንደያዛት ወደ ሳሎኑ ገባ።

«እማዬ» አለ። «እኔ የምወዳት ኤሌኒን ነው። ላገባት የምፈልገውም እሷን ነው። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

የወይዘሮ ጫልቱ ዓይን ከልጃቸው ፊት ወደ ተያያዙት እጆች ወረደ። «እንዴ! ምን ማለትህ ነው? እህትህ እኮ ናት! አብራችሁ ነው ያደጋችሁት!»

«እህቴ ብትሆን ኖሮ ሰርቪስ ቤት አትተኛም ነበር፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ጫልቱ በጥፊ የተመቱ ያህል ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሳቅ የሚሞላው ፊታቸው ባዶ ሆነ።

«በቃ፣ ፊሊጶስ!» ኤሌኒ እጇን ከእጁ አላቀቀች። «እንደዚህ አትናገራቸው!» ሄዳ እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። «እትዬ፣ ታይፎይድ ይዞኝ በነበረ ጊዜ አቅፈውኝ ሐኪም ቤት የሮጡት እርስዎ ነዎት። ዩኒፎርሜን የሚገዙልኝ እርስዎ ነበሩ። አልረሳሁም፣ መቼም አልረሳም። ይወዱኛል፤ እኔም እወድዎታለሁ። ግን እህቱ አይደለሁም። ልሁን ብልም አልችልም።»

የወይዘሮ ጫልቱ እጅ ወደ ኤሌኒ ፀጉር ተነሣ። ሳይነካት መሐል አየር ላይ ቆመ፤ ተመለሰም። ተነሥተው አንድም ቃል ሳይናገሩ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ።

ኤሌኒ ካርታዋን እንኳ ሳትሰበስብ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ እስከ ላፍቶ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ ያቺ እጅ ብትነካት ኖሮ ምንም ይምጣ ትችለው ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁርስ ቤቱ ዝግ ነበር። ኤሌኒ ከውስጥ፣ ከኩሽናው መጋረጃ ጀርባ ድስት እያጠበች ሳለ የውጭው በር ተንኳኳ። እናቷ ሲከፍቱ ወይዘሮ ጫልቱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከኋላቸው መንገዱ ዳር ፊሊጶስ ከመኪናው ወርዶ፣ መቅረብም መሄድም አቅቶት ይታያል።

«እትዬ!» ወይዘሮ አማከለች ደንግጠው ወንበር በመቀነታቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

«ተዪው፣ አማከለች። ንጹሕ ነው። አንቺም ተቀመጪ።»

ተቀመጡ።

«ትናንት መዝገቡ አንድ ነገር ጠየቀኝ» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ። «‹የአማከለች አገር የት ነው?› አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ከአንድ ድስት በልተን መልሱን አላወቅኩትም። እሱ ነው የነገረኝ። ጨንቻ ነው አለኝ፤ ከአርባ ምንጭ በላይ።»

«ጨንቻ ነው» አሉ ወይዘሮ አማከለች። «ከቤታችን ደጅ ሲቆሙ ሐይቆቹ ይታያሉ። ሁለቱም።»

«አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም።»

«ሥራ ነበረብን፣ እትዬ።»

«አይደለም። አታጽናኚኝ።» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ። «ኤሊን እወዳታለሁ ስል ኖርኩ። ውሸት አይደለም፤ እወዳታለሁ። ግን እየወደድኳት የምትቀመጥበትን ቦታ የምመርጥላት እኔ ነበርኩ። ትናንት ልጄ ሲናገረኝ በጣም ተናደድኩ። ከዚያ እሷ እግሬ ሥር ተንበርክካ ለእኔ ስትከራከርልኝ ግን... አንቺ ነሽ እንዲህ አድርገሽ ያሳደግሻት፣ አማከለች። እኔ ዩኒፎርም ነው የገዛሁት።»

ከመጋረጃው ጀርባ ኤሌኒ ውሃውን ዘጋች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ልጅሽንም ለልጄ...»

«ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው፣ እትዬ» አሉ ወይዘሮ አማከለች። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ወገባቸው ግን ቀጥ ብሏል።

«ይመጣል። በወጉ ይመጣል። ለዛሬ የምለምንሽ ሌላ ነው። ከእኛ ጋር ነጭ ሣር ሂጂ፤ ሰፋ ያለ መኪና እንይዛለን። ኤሊም ትሄዳለች፤ መዝገቡ ‹ዓይኔ ያልደረሰበትን የምትነግረኝ እሷ ናት፤ ያለ እሷ አልነቃነቅም› ብሏል። ስንመለስ ጨንቻ እናደርስሻለን።»

«እኔ?» ወይዘሮ አማከለች ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ጠየቁ። «ለማን ልሠራ?»

ወይዘሮ ጫልቱ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ከልለው አለቀሱ። ሰውነታቸው ሁሉ ነበር የሚያለቅሰው። «ለማንም» አሉ ሲቃው ሲለቃቸው። «ለማንም አትሠሪም። ከጎኔ ልትቀመጪ ነው።»

ወይዘሮ አማከለች እጃቸውን ዘርግተው የወይዘሮ ጫልቱን ጉልበት ነካ አደረጉ።

«መኪና ያመኛል» አሉ። «መስኮት ካልሆነ አልቀመጥም።»

«መስኮቱን ውሰጂው!»

«ያቺ ፋርማሲስቷስ?»

«ለእሷ ገና ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ ተመስገን ነው» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ሁለቱም ሴቶች በአንድ ጊዜ ሳቃቸው መጣ። ድሮ ልብስ ሲያጣጥፉ አንዳንዴ ይስቁት የነበረ ሳቅ ነበር፤ አሁን ግን አንዳቸውም ሥራ አልያዙም።

ወይዘሮ አማከለች ወደ ውጭ አዩ። «ያ ልጅ ለምን ፀሐይ ላይ ቆመ? ጥሩት እንጂ።»

ፊሊጶስ ገባ። ልጅ ሳለ በዚያ ግቢ ውስጥ ከላይ ሆኖ «አማከለች፣ ጫማዬ የት አለ?» እያለ ይጮህ ነበር፤ ግቢው ሁሉ እንዲሁ ስለሚጠራቸው ማንም ነውር ነው ብሎ አልነገረውም። አሁን ቁመቱ በሩን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት፣ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ጨንቆት ጥቂት ቆመ። ከዚያ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ አማከለች?»

ወይዘሮ አማከለች አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ሳብ አደረጉለት።

«ደህና ነኝ። ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉት።

ኤሌኒ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እጇ እስከ ክንዷ ድረስ አረፋ ነበር፣ ሽርጧ ረጥቧል፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። ፊሊጶስ ቀና ብሎ አያት። በሁለቱ እናቶች ፊት አያት፤ ዓይኑንም አልሰበረም። እሷም አልሰበረችም።